የአባቴ ጉድጓድና የሊዮን ማኅተም

ከአዳማ የወጣሁበት ዋዜማ ቤታችን ሠርግ ቤት መሰለ። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይመርቃል፣ አንዱ ደግሞ «ፈረንሳይ አገር እንቁራሪት ይበላሉ አሉ፤ ኧረ ተጠንቀቅ» እያለ ይመክረኛል። እናቴ የዝዋይ ልጅ ናት፤ ሆዷ ሲባባ አማርኛው ይጠፋባታል፤ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ልጄ» እያለች በሶውን ትቋጥራለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ትቋጥራለች። አባቴ ግን ወደ ጓሮ ሄዱና ከጉድጓዳቸው በገዛ እጃቸው ቀድተው፣ አንድ ቅል ሙሉ ውሃ ይዘው ከፊቴ ቆሙ።

«ጠጣ» አሉኝ። «እዚያ እንዲህ ያለ አታገኝም።»

ጠጣሁ። ምን አማራጭ አለኝ?

አገር ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። አባቴ ከቡልጋ ወርደው አዳማ ሲሰፍሩ ሰው ሁሉ ከአዋሽ በአህያ ነበር የሚቀዳው፤ ሄዶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እሳቸው ያንን ደረቅ መሬት በዶማ እየፈነቀሉ ወርደው ውሃ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ ከእሳቸው ጓሮ ይቀዳል፣ እሳቸውን ይመርቃል። ባላምባራስ፣ ግራዝማች የሚላቸው አልተገኘም፤ ሹመታቸው ጉድጓዱ ነበር።

ታዲያ ከዚያ ውሃ እየጠጣን ያደግን ልጆች ጥርሳችን ቡናማ ነው። የአንዳንዱ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት ነው፣ የአንዳንዱ ዝገት የመታው ቆርቆሮ ነው። ከደጋ የወረደ ሰው ሲያየን «ምነው፣ ትንባሆ ነው እንዴ የምታኝኩት?» ይለናል። የእህቴ የብርቄ ልጅ፣ መልኳ የሚያስደነግጥ ቆንጆ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ልጅ ሳቁን ይደብቃል? አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው። ብርቄ ደግሞ ገና ወላድ ናት፤ ሌላም ልጅ ሊመጣ ነው።

እኔ ውሃውን እጠረጥር ነበር። አዋሽ ዳር የሚኖሩት ዘመዶቻችን ጥርሳቸው ንጹሕ ነውና «አባቴ፣ ቢያንስ ለልጆቹ ከወንዙ ይቀዳላቸው» እላቸዋለሁ። እሳቸውም ከንፈራቸውን በጣታቸው ገልበጥ አድርገው፦

«ይኸው! ይህንኑ ውሃ ስንት ዘመን ጠጣሁት? ጥርሴን እየው! የእናንተ ስንፍና ነው፤ መፋቂያ አትይዙም።»

«አንቱማ ጥርስ ያበቀሉት ቡልጋ ነው።»

«እንግዲያው ፈረንጅ በማኅተም ይበለኝ፤ ያን ጊዜ እደፍነዋለሁ» አሉኝ። በፌዝ ነው ያሉት። እኔ ግን ቃል አድርጌ ያዝኩት፤ ሞኝ ቃል አይረሳም።

አወጣጤ እንዲህ ነው። ባቡር ጣቢያው ላይ ዕቃ ስጭንና ሳወርድ ፈረንሳይኛ ለመድኩ፤ ከስድቡ ጀምሬ ነው የተማርኩት። አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ሻንጣውን የሚሸከምለት ሰው ፈልጎ ወሰደኝ። ጅቡቲ በሙቀት ቀቀለችን፤ መርከቡ በሶዬን ሁሉ ከሆዴ አስወጣው፤ እንዲያ እንዲያ ብለን ማርሴይ ወረድን። እዚያ አንድ ሹም በወንበሩ ላይ ተለጥጦ መልኬን ይመዘግባል።

«ልዩ ምልክት?» አለኝ።

«የለኝም።»

አፌን አየና «ቆሻሻ ጥርስ» ብሎ ጻፈ።

«ሙሴ» አልኩት፤ በነሱ ቋንቋ ጌታዬ ማለት ነው፤ «ቆሻሻ አይደለም። የሰፈሬ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው።»

«ሁሉም?»

«አዳማ የተወለደ ሁሉ።»

«እንግዲያውስ ልዩ አይደለማ!» ብሎ ሰረዘው። ቆይቶ አሰበ አሰበና በምትኩ «ጥቁር» ብሎ ጻፈበት። እሱስ ባገሬ ልዩ ነው ወይ ልለው ነበር፤ ዋጥ አደረግሁት።

መሐንዲሱ ሊዮን ሲደርስ ሻንጣውን ተቀበለኝና «ኦርቯር» ብሎኝ ገባ። በቃ! ስንብት ማለት ይህ ነው። እኛ ጋ አህያ የተከራየ ሰው እንኳ ሲለይ የአህያዋን ባለቤት እስከ ልጅ ልጁ ይመርቃል። እነዚህ ግን ሰላምታቸውም ያው ነው፤ «ቦንዡር» ይልሃል፣ መልስህን ሳይሰማ ያልፋል። ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው ቢሉ ምላሳቸው ይረግፍ ይመስል! አየሩም እንደ ሰዎቹ ነው፤ ጉም፣ በጉም ላይ ጉም። የአዳማን ነፋስ አቧራውን ዓይኔ ውስጥ ሲሞጅረው ስንቴ ረግሜዋለሁ፤ እሱ ራሱ ናፈቀኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

አከራዬ ማዳም ገና በሩን ስትከፍት ጥርሴን አየችና ወደ ኋላ አለች።

«ይኼ ነገር ይለቃል?» አለችኝ።

«ምኑ ማዳም?»

«ቀለሙ ነዋ። ብርጭቆዬ ላይ፣ ፎጣዬ ላይ ይለቃል ወይ?»

«ኧረ አይለቅም። ቢለቅማ እኔን በለቀቀኝ።»

አላመነችኝም። የኔን ብርጭቆ ጆሮው ላይ ክር አሰረችበት። ራሷ ግን የሞተ አይጥ የሚሸት አይብ በጠዋት ትገምጣለች፤ የእኔ በርበሬ ሲሸታት በዚያ ብርድ መስኮቱን ብርግድ ታደርገዋለች። ኧረ ጉድ ነው!

እንጀራ ፍለጋ ስዞር አንድ የምህንድስና ተማሪ ቤት ገባሁ፤ ኮሌጅ ይሉታል። ጠርሙስ አጣቢ አደረጉኝ። እዚያ ያሉት መምህራን ማስተማሩ ትርፍ ሥራቸው ነው፤ ዋናው ሥራቸው ምርምር ነው። ምን ይመረምራሉ አትሉኝም? አንዱ የሐር ክር እስኪበጠስ ይጎትትና መቼ እንደተበጠሰ ይጽፋል፤ በማግስቱ ሌላ ክር ያመጣል። አንዱ ሲሚንቶ በሣጥን አቡክቶ፣ እስኪደርቅ እንደ ጠላ ጠብቆ፣ ሲጠነክርለት በመጭመቂያ ያደቀዋል፤ ገንብቶ የሚያፈርስ ብቻ ሳይሆን ለማፍረስ የሚገነባ ሰው አየሁ። ሌላው ነፋስ በሣጥን ውስጥ በሞተር ያስነፍሳል። ነፋስ ከጠፋማ ምነው አዳማ በመጣ!

አራተኛው ውሃ ነው የሚመረምረው። የባቡር እንፋሎት ማሞቂያ ውስጥ ድንጋይ የሚጋግር ውሃ የትኛው ነው እያለ የዓለሙን ውሃ በጠርሙስ ሰብስቧል። ጢሙ ከፊቱ ቀድሞ በር ስለሚገባ እኔ በሆዴ ሙሴ ሪዛሙ እለዋለሁ። አንድ ቀን ጠርሙስ ሳጥብ ከበላዬ ቆመ።

«አፍህን ክፈት!» አለኝ። ደህና ዋልክ የለ፣ ስምህ ማነው የለ።

«ለምን ሙሴ?»

«እንዲህ ያለ ጥርስ የውሃ ነገር ነው የሚል ወሬ አለ። ለተማሪዎቼ ላሳይህ እፈልጋለሁ። አንተ ለሳይንስ ታላቅ ዕድል ነህ።»

እንግዲህ ልቤ ዘለለች። አባቴ ያሉት ማኅተም በእግሩ መጣ አልኩ። «አፌን እከፍታለሁ» አልኩት፤ «እርስዎ ግን የጉድጓዳችንን ውሃ መርምረው፣ ያገኙትን በማኅተም ይጻፉልኝ።» ጢሙን አሸት አሸት አደረገና እሺ አለ።

ወዲያው ለአገር ቤት ጻፍኩ። የብርቄ ባል ታደሰ ጣቢያው ላይ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነው፤ ወረቀቱን ለአባቴ ያነበበላቸው እሱ ነው። አባቴ ፈረንጅ ውሃቸውን ሊቀምስ መሆኑን ሲሰሙ ደስታውን አልቻሉትም አሉ፤ ጠርሙሱን ራሳቸው አጥበው፣ ራሳቸው ሞልተው፣ አፉን በሰም ደፈኑት። ከአዳማ እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያም በባሕር ያመጣው ጉታ ነው፤ የሰፈራችን ልጅ፣ መርከብ ላይ ከሰል እሳት ውስጥ የሚጨምር። ከማርሴይ በባቡር ሰደደልኝ። ጠርሙሱን ሳቅፈው የአባቴን ጓሮ ያቀፍኩ መሰለኝ።

ሙሴ ሪዛሙ ውሃውን አፈላው፣ አተነነው፣ መዘነው፣ የሟሟ ብር ጠብታ ጨመረበት። በመጨረሻም የበሬ ጥርስ ከሥጋ ቤት አስመጥቶ ውሃው ውስጥ ዘፈዘፈ። በየጠዋቱ እየመጣ ያንን ጥርስ በመነጽር ያየዋል፤ ጥርሱም ነጭ ሆኖ ያየዋል። ሁለቱ ለሳምንታት እንዲያ ተያዩ።

ከዚያ ጉባኤ ጠራ። እኔን መድረክ ላይ አቁሞ አፌን አስከፈተ፤ ተማሪው ተራ እየያዘ በማጉያ ያየኛል፣ አንዱ ጥርሴን በቀለም ይሥላል፣ አንዷ መሐረብ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ታዝንልኛለች። ሙሴ ሪዛሙም ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«ውሃው ንጹሕ ነው። ለመጠጥም ለማሞቂያም የተስማማ ነው። የጥርሱ መበላሸት የሚቃጠል ቅመም ከመብላትና ጥርስን በትጋት ካለማጽዳት የመጣ ነው።»

አጨበጨቡ። እስቲ ፍረዱኝ፤ አባቴ ጓሯቸው ቆመው በነጻ የሰደቡኝን ስድብ ሰውዬው በመነጽርና በበሬ ጥርስ ደገመው! ደግሞ ማፈሬ! እነዚህ ሁሉ የተማሩ ሰዎች ይሳሳታሉ ወይ ብዬ፣ ክፍሌ ገብቼ ጥርሴን ድዴ እስኪደማ ፈገፈግሁት። ማዳም አይታኝ «ዕድሜ ለሳይንስ» አለችኝ።

ባለማኅተሙን ወረቀት እኔ እስክወስድ እንኳ አልጠበቀም። ቀይ ሐር ጣል አድርጎበት፣ ሰም አትሞበት፣ «ለጉድጓዱ ባለቤት» ብሎ በፖስታ ሰደደው።

ከዓመት በኋላ ጉታ ማርሴይ ወርዶ፣ እኔን ሊያይ ሊዮን ድረስ መጣ። ያገሬን ሰው ሳይ እንዴት እንደሆንኩ አልነግራችሁም፤ ማዳም ደረጃው ላይ ሆና «ምን ሞተባችሁ?» እስክትል አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ተቀምጠን ያገሩን ወሬ ይዘረግፍልኝ ጀመር። ብርቄ ወንድ ወልዳለች። አባቴ ወረቀቱን በመስተዋት አስገብተው ከጉድጓዱ አጠገብ ካለው ግራር ላይ ቸንክረውታል። ከሚቀዳው ሰው ማንበብ የሚችል የለም፤ ማኅተሙን ግን ሁሉም ይስመዋል። ከመቂ የሚመጣው ነጋዴ እንኳ ለገበያ ሲያልፍ «የፈረንጅ ምስክር ያለው ውሃ» እያለ ለልጆቹ ቀድቶ ይሄዳል። አዋሽ የሚወርድ አህያ ጠፋ አለኝ።

ከዚያ ሳቅ አለና «ወርቁ፣ ለመሆኑ ያንን የአዋሽ ውሃ ጠጣኸው?» አለኝ።

«የምን የአዋሽ ውሃ?»

«ያመጣሁልህን ነዋ! እንግዲህ ጠጥተኸዋል፣ ብነግርህ ምን አለበት። አባትህ ጣቢያው ላይ ጠርሙሱን ሰጥተውኝ ዞር ሲሉ፣ እናትህ ነጥቀውኝ ሰሙን ፈለቀቁትና ውሃውን ከመሬት ደፉት። ‹የምንጠጣውን ውሃ ባሕር ማዶ ለማናውቀው ሰው? ስማችንን እየጠራ ቢደግምበትስ? ቤቱ በሙሉ ሊደርቅ ነው እኮ!› አሉኝ። ባቡሩ አዋሽ ጣቢያ ሲያድር ከወንዙ ቅዳለት፣ የሚሄድ ውሃ መተት አይዝም ብለው በልጆቼ አስማሉኝ።»

«አንተስ?»

«ገደሉን ወርጄ ቀዳሁልሃ! በጧፍ ሰም ደፈንኩት። እናትህ የፈሩት መተት ነው፤ እኔ ግን አንተ በናፍቆት ልትጠጣው ነው ብዬ ነው እኮ፤ ለናፍቆት አዋሽ ምን አነሰው?»

ሳቅሁ። ምን ላድርግ? እናቴ ልጆቿን ከመተት አዳንኩ ብላ በደስታ ነው ቤቷ የገባችው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ ለእኛ ኖሯል። ከዚያ ብርቄ ወንድ ወለደች ያለኝ ትዝ አለኝ። ያ ሕፃን አሁን በማኅተም እየጠጣ ነው።

በማግስቱ ሙሴ ሪዛሙ ዘንድ ሮጥኩ። ጠረጴዛው ላይ ያንዲት መንደር ቧንቧ ሥዕል ዘርግቷል።

«ሙሴ፣ ከአገሬ የመጣልዎ ውሃ የጉድጓዱ አልነበረም። የወንዝ ውሃ ነው።»

«የወንዝ?» አለ፤ ፊቱ በራ። «ታዲያማ ምርምሬ እንዴት ያለ ትክክል ነው! ውሃው ንጹሕ ነው አልኩ፤ ንጹሕ ነበረ።»

«የጉድጓዱስ?»

«እሱን አልመረመርኩም፤ ስለማላውቀው ነገር አልናገርም። ሳይንስ ማለት ይህ ነው።»

«ወረቀቱ ግን ጉድጓዱ ላይ ነው የተሰቀለው! ልጆች እየጠጡ ነው!»

«ወዳጄ፣ ወረቀት የት እንደሚሰቀል የእኔ ክፍል አይመለከትም። ጽሑፉም ታትሟል፤ የታተመ ነገር አይመለስም። ሌላ ጠርሙስ አስመጣና ተራ ይዘህ ጠብቅ። አሁን በቧንቧ ተይዘናል፤ ከቧንቧው ቀጥሎ የቢራ ፋብሪካ ውሃ አለ።»

እውቀት ይሉታል ይህንን! የሐር ክር ሲበጠስ ደቂቃ የማያልፋቸው ሰዎች፣ የሰው ልጅ ሲበላሽ ተራ ያስይዛሉ። ጠርሙሶቹን እዚያው ገንዳ ውስጥ ጥያቸው ወጣሁ።

ቴሌግራፍ ቤት ሄጄ ለታደሰ መታሁ፦ «ጠርሙሱ የአዋሽ ነበረ። ማኅተሙን አውርዱ። ለሕፃኑ ከወንዝ ቅዱለት።» መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ፦ «እናትህ ተጠየቁ። በሚካኤል ማሉ፤ አላደረግሁም አሉ። አባትህ ልጄን ፈረንጅ አገር አሳበደብኝ ይላሉ።» እናቴን አልፈርድባትም። አባቴ በሰው ሁሉ ፊት የሰቀሉትን ወረቀት እሷ አውርዳ የት ትገባለች? እንደገና መታሁ፦ «ታደሰ፣ እባክህ፣ ለራስህ ልጅ ብቻ፣ በድብቅ።» እሱም፦ «የአማቴን ጓሮ ትቼ አህያ እየነዳሁ አዋሽ ስወርድ ሰው ምን ይለኛል?» አለ። ሰው ምን ይለኛል! ባገራችን ስንት ሰው በዚህች ቃል እንደተቀበረ የሚመረምር ተማሪ ቤት ቢኖር ጥሩ ነበር።

አሁን የምሠራው ጠርሙስ ቤት አይደለም፤ አንድ ሐር ማቅለሚያ ውስጥ ነኝ፤ እጄ ዛሬ ቀይ፣ ነገ ሰማያዊ ነው። ለመሳፈሪያ የሚሆነኝ አልሞላልኝም። ሕልሜ ውስጥ ሁልጊዜ አህያ እየነዳሁ አዋሽ እወርዳለሁ፤ ልጁንም ፊቴ አስቀምጬው ውሃውን በእፍኜ አጠጣዋለሁ። ስነቃ ማዳም ደረጃውን እያጠበች ነው።

ባለፈው ሳምንት ሳልጠብቀው ቴሌግራም መጣልኝ። መስኮቱ ላይ ያለው ፀሐፊ ለእኔ ከመስጠቱ በፊት ራሱ አነበበው።

«ሕፃኑ ጥርስ አወጣ። ነጭ ነው። አባትህ በግ አርደው ሰፈሩን ጠሩ። ይኸው ይበልህ አሉ።»

«መልካም ዜና ነው መሰለኝ!» አለኝ ፀሐፊው። «ምን ብለን እንመልስ?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። ጓሮው፣ ግራሩ፣ የተሰበሰበው ሰው፣ ብርቄ ልጇን አቅፋ የሕፃኑን ድድ በጣቷ ገልጣ ለሁሉ ስታሳይ ታየኝ። እንዴት ደስ ብሏት ይሆን!

«እንዲህ በል» አልኩት። «የሁላችንም የወተት ጥርስ ነጭ ነበር።»

ብዕሩን አቆመና ቀና ብሎ አየኝ። «ይኼ እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት ነው?»

«እነሱ ያውቁታል።»

መታልኝ። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።